ከማሳው በፊት መደቡን እናክም

ገበሬዎች ሆይ!

ስለ በርበሬ ለባኮ ገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በርበሬን ታውቁታላችሁ። ዘርታችሁታል፣ ኮትኩታችሁታል፣ ለቅማችሁታል፣ ሸጣችሁታል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በርበሬው ሳይሆን ስለሚበቅልበት አፈር ነው።

ባኮ የዘር አገር ናት። ቢኤች-660 የሚባለውን በቆሎ የማያውቅ ገበሬ የለም። «ቢ» ባኮ ማለት ነው። «ኤች» ደግሞ ዲቃላ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ዘር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ለገበሬ ተለቀቀ። በርበሬም እንዲሁ ነው። «ባኮ ሎካል» የሚባለው የበርበሬ ዘር የተጠራው በዚችው በባኮ ስም ነው። እንግዲህ የዘር ችግር የለብንም። የጎደለን ለዘሩ የሚሆን ጤነኛ አፈር ነው። ዘሩ ምን ቢያምር መኝታው ከታመመ ምን ዋጋ አለው?

በሽታው እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲበረታ፣ ትናንት ለምልሞ ያመሸው በርበሬ ጠዋት ጠውልጎ ይገኛል። ውኃ ጠምቶት ነው እንዳይባል መሬቱ ጭቃ ነው። ነቅላችሁ ስታዩት ሥሩ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። የግንዱ እግር ጠቁሯል። በማግስቱ ጎረቤቱ ይከተላል። ከዚያ ውኃው በወረደበት መስመር ሁሉ ተክሉ ይረግፋል። አጠውልግ የምንለው ይህ ነው። በችግኝ መደብ ላይ ደግሞ ገና ሁለት ቅጠል ያወጣው ችግኝ ወገቡ ቀጥኖ በአንድ ሌሊት ይተኛል።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? ወደ መድኃኒት ሱቅ እንሮጣለን። የተሰጠንን ገዝተን እንረጫለን። የበሰበሰ ሥር ግን በቅጠል ላይ በተረጨ መድኃኒት አይድንም። ገንዘቡም ይሄዳል፣ በርበሬውም ይሄዳል። ይህ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮህ ውሻ መሆን ነው።

የእኔ አሳብ አንድ ነው። ማሳው ላይ በሽታው ከታየ በኋላ ከመሮጥ፣ በበጋ፣ ሥራ በሚቀልበት ጊዜ፣ የችግኝ መደቡን አፈር እናክም። መድኃኒቱም ከሱቅ አይመጣም። ፀሐይ፣ ውኃ፣ ፍግና አንድ ቁራጭ ነጭ ላስቲክ ይበቃሉ። ይህን ሥራ እያንዳንዱ ገበሬ ለብቻው ከሚሞክረው ይልቅ ማኅበሩ ቢይዘው ይሻላል። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንየው።

በሽታው የት ያድራል?

በሽታው ከሰማይ አይወርድም። በአፈር ውስጥ ያድራል። አብዛኛው ፈንገስ ይባላል። ፈንገስ ማለት እንጀራ ላይ የምታዩት የሻጋታ ዘመድ ነው። በዓይን የማይታይ የራሱ ዘር አለው። ያ ዘር በርበሬ ባይኖርም በአፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። በርበሬ ሲተከል ይነቃል።

ሌላው በዓይን የማይታይ ቀጭን ትል ነው። ኔማቶድ ይባላል። ችግኝ ነቅላችሁ ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተቋጠረ እብጠት ካያችሁ የእሱ ሥራ ነው። ሥሩ ሲቋጠር ውኃና ምግብ ወደ ላይ አይወጣም። ተክሉ ይቀጭጫል።

አሁን ልብ በሉ። ችግኙ ከታመመ መደብ ከወጣ በሽታውን በሥሩ ይዞ ወደ ማሳው ይሄዳል። አንድ የታመመ መደብ ማለት በሺህ የሚቆጠር የታመመ ችግኝ ማለት ነው። በገዛ እጃችን፣ በመስመር፣ በተመጠነ ርቀት በሽታን እንተክላለን ማለት ነው። ስለዚህ ነው መደቡ ይቅደም የምለው።

እስቲ የተማርነውን ቁጥር እንጠቀምበት

በርበሬ በመስመር መካከል 70 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከል እንበል። ሩብ ሄክታር 2,500 ሜትር ካሬ ነው። በዚህ ላይ ወደ 12,000 ችግኝ ይገባል።

በመደብ ላይ ደግሞ ችግኙ በመስመር መካከል 15፣ በችግኝ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ይኑረው። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ወደ 130 ችግኝ ይበቅላል። ስለዚህ ለ12,000 ችግኝ የሚያስፈልገው መደብ 90 ሜትር ካሬ ያህል ነው። ይህም አንድ ሜትር ስፋት፣ አሥር ሜትር ርዝመት ያላቸው ዘጠኝ መደቦች ማለት ነው።

2,500 ሜትር ካሬ በላስቲክ መሸፈን ለገበሬ የማይታሰብ ነው። 90 ሜትር ካሬ መሸፈን ግን ይቻላል። ዘጠኙን ያልቻለ በሁለት መደብ ይጀምር።

ፀሐይ አፈርን እንዴት ታክማለች?

በቀትር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ ብትቀመጡ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ነጭ ላስቲክም በአፈር ላይ እንዲሁ ያደርጋል። የፀሐይዋን ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን አያስወጣም። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ታች ይዘልቃል።

የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። 40 ሲደርስ ሰው ይታመማል። ከዚያ ካለፈ ሕይወቱ ያሰጋል። በአፈር ውስጥ ያሉት የበርበሬ ጠላቶችም እንዲሁ ናቸው። የሚወዱት ለዘብ ያለ ሙቀት ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ እርጥብ ሙቀት በየቀኑ ለብዙ ሳምንታት ከተመላለሰባቸው ይዳከማሉ፤ ይሞታሉም። በጣም ሞቃት በሆነ አገር በላስቲክ የተሸፈነ እርጥብ አፈር ላዩ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ይደርሳል።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስታወቁት ያኮቭ ካታን የተባሉ የእስራኤል ሊቅና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዘዴው የተነሣው በዮርዳኖስ ሸለቆ ነው። በዚያ የእርሻ ሠራተኞችና ገበሬዎች ላስቲክ በተነጠፈበት ቦታ አፈሩ በጣም እንደሚሞቅ አስተዋሉ። ሊቃውንቱ ይህን ይዘው መረመሩ። ውጤቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 አሳተሙ። እንግዲህ ትልቁ ዕውቀት የተጀመረው እርሻ ላይ ከማስተዋል ነው።

ለምን ፍግ ይጨመርበታል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። የዮርዳኖስ ሸለቆ ከባሕር ወለል በታች ነው። እሳት የሆነ አገር ነው። ባኮ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይዋ ጠንካራ ብትሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በእኛ አገር ፀሐይ ብቻዋን ላትበቃ ትችላለች። ረዳት ያስፈልጋታል። ረዳቷም ፍግ ነው።

ፍግ ሦስት ሥራ ይሠራል።

አንደኛ፣ ይሞቃል። አዲስ የእበት ክምር ውስጥ እጃችሁን ብትሰዱ ሙቀቱ ይሰማችኋል። በመበስበስ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሙቀት ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ይተናል። በጎች ያደሩበትን በረት ጠዋት ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አለ አይደል? ያ ሽታ አሞኒያ ይባላል። ከላስቲክ ሥር ታፍኖ ሲቀር ፈንገሱንና ትሉን ይመርዛል። ጎመን ዘርም እንዲሁ ነው። ሰናፍጭ የበላ ሰው አፍንጫውን ምን እንደሚሰረስረው ያውቃል። የጎመን ዘር ቅጠልና ፋጉሎ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ ከዚያው ወገን የሆነ ትነት ያወጣል። ለእኛ አዋዜ ነው፣ ለፈንገስ መርዝ ነው።

ሦስተኛ፣ አየር ያሳጣል። ፍጉን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል። ላስቲኩ ሌላ አየር አያስገባም። አየር የሚፈልገው በሽታ ይታፈናል። የሚቦካ ሊጥ ወይም የታሸገ የጠላ ጋን አስቡ። በውስጡ ሌላ ዓይነት ሕይወት ይነግሣል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ፍጉ አይጠፋም። ለችግኙ ምግብ ሆኖ ይቀራል። ለአፈሩ የሚጠቅሙትም ጥቃቅን ሕያዋን ቶሎ ይመለሳሉ።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በስፔን አገር ሙርሲያ በሚባለው ክፍል ገበሬዎች በርበሬን በላስቲክ ቤት ውስጥ ያመርታሉ። በአንድ መሬት ላይ በየዓመቱ በርበሬ ብቻ ስለሚተክሉ አፈሩ ታመመባቸው። ቀድሞ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ አፈሩን ያጥኑ ነበር። ይህ ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የሰማይ ሽፋን የሚያሳሳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሀብታሞቹ አገሮች በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005፣ ታዳጊዎቹ አገሮች በ2015 ለእርሻ አፈር መጠቀሙን እንዲያቆሙ ተወሰነ። የሙርሲያ ገበሬዎችም አዲስ የበግ ፍግና የዶሮ ኩስ ከአፈር ጋር ቀላቅለው፣ አጠጥተው፣ በላስቲክ ሸፍነው በፀሐይ ማከም ጀመሩ። በጃፓን ደግሞ ለዚሁ ሥራ የስንዴ ፉርሽካ ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ሀብታሙ ስፔናዊ ጋዙን ትቶ ወደ በግ ፍግ ከተመለሰ፣ በጉም ፍጉም በደጁ ያለው የባኮ ገበሬ ምን ይጠብቃል?

ማቃጠልና ማከም ይለያያሉ

አንዳንዱ «ይህማ የእኛው የአባቶቻችን ሥራ ነው» ይል ይሆናል። እውነት አለው። አፈርን በሙቀት ማከም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ደጋ አፈር ከምረው፣ ሣርና እበት አድርገው ያቃጥላሉ። ጓይ ይሉታል። ገብሱም ለጥቂት ጊዜ ያምራል። ግን እሳቱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብስባሽ አብሮ ይበላዋል። አፈሩ ይደክማል፤ ከዚያ መሬቱ ብዙ ዓመት ጦም ያድራል።

በሌላም አካባቢ ችግኝ መደብ ላይ ጭራሮ የሚያነድ አለ። አሳቡ ጥሩ ነው፣ ዘዴው ግን ይጎዳል። እሳት በሽታውንም ወዳጁንም ሳይለይ ይፈጃል። የላስቲኩ ዘዴ ግን ብስባሽ ይጨምራል እንጂ አያቃጥልም። የአባቶችን አሳብ እንያዝ፣ እሳቱን በፀሐይ እንተካው።

አሠራሩ

1ኛ. ጊዜ ምረጡ። ለባኮና ለአካባቢዋ ጥሩው ጊዜ ከየካቲት መግቢያ እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋም የበረታች ናት። መሬቱም ሥራ ፈት ነው።

2ኛ. ቦታ ምረጡ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ዛፍ የማያጠላበት፣ ጎርፍ የማይወርድበት ይሁን።

3ኛ. አፈሩን አለስልሱ። ጓል ሰባብሩ። ድንጋይና እንጨት ልቀሙ። መደቡን አስተካክሉ። ጓል ካለ ላስቲኩ ከአፈሩ ጋር አይጣበቅም፣ ይቀደዳልም።

4ኛ. ፍግ ጨምሩ። አዲስ የበግ፣ የፍየል ወይም የከብት ፍግ ለአንድ ሜትር ካሬ 5 ኪሎ ያህል ይበቃል። ለአንድ መደብ 50 ኪሎ ማለት ነው። የዶሮ ኩስ ብርቱ ስለሆነ በጥቂቱ ቀላቅሉ። የጎመን ዘር ቅጠል ወይም ፋጉሎ ካለ ከትፋችሁ ጨምሩበት። የሰው ዓይነ ምድር በጭራሽ አይጨመር። ፍጉን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር አዋህዱ።

5ኛ. አጠጡ። ውኃው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እስኪዘልቅ በደንብ ይጠጣ። ቀጭን ዘንግ ወግታችሁ ሞክሩ። ያለ ችግር ከገባ በቅቶታል። ላስቲኩ እርጥበቱን ስለሚይዝ ደግማችሁ ማጠጣት አያስፈልግም።

6ኛ. በዚያው ቀን ሸፍኑ። ላስቲኩ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ይሁን። ጥቁር ላስቲክ ራሱ ይሞቃል እንጂ አፈሩን የዚያን ያህል አያሞቅም። ላስቲኩ አፈሩን ነክቶ ይዘርጋ። ለአንድ ሜትር መደብ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። ትርፉን በየጎኑ ቦይ ቆፍራችሁ በአፈር ቅበሩት። ንፋስ የሚያስወጣ ቀዳዳ አይኑር። የተቀደደውን ወዲያው በፕላስተር ድፈኑ።

7ኛ. እጠሩ። በእሾህ እጠሩት። ዶሮ፣ ውሻ፣ ጥጃና ልጅ አይርገጡት።

8ኛ. ስድስት ሳምንት ጠብቁ። የካቲት 1 የተሸፈነ መጋቢት 13 ይከፈታል። ስትከፍቱ ሽታው እንዳይመታችሁ ንፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ።

9ኛ. አናፍሱ። ሁለት ሳምንት ያህል ክፍት ሆኖ ይቆይ። ላዩን ብቻ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳታልፉ ኮትኩቱ። በጥልቀት ከቆፈራችሁ ያልታከመውን አፈር ወደ ላይ ታወጣላችሁ። ልፋታችሁ ከንቱ ይሆናል።

10ኛ. በፌጦ ፈትኑ። ትነቱ ከአፈሩ ሳይወጣ በርበሬ ብትዘሩ ዘሩ ይቃጠላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በመደቡ ጥግ ጥቂት ፌጦ ዝሩ። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል። በአራት በአምስት ቀን አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ መደቡ ደኅና ነው። ካልበቀለ ወይም ቢጫ ከሆነ አንድ ሳምንት ጨምራችሁ አናፍሱ።

በዚህ መንገድ ሚያዝያ ሲገባ በርበሬውን በመደብ ትዘራላችሁ። ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ ሲረጋ፣ ችግኙ ለተከላ ይደርሳል።

«ግን» ለሚሉ

ይህን ስናገር «ግን» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መጠየቅም ተገቢ ነው።

«ላስቲክ ውድ ነው» የሚል አለ። ለአንድ ሰው ውድ ሊሆን ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። አንድ ገበሬ በሜትር ቆርጦ ሲገዛ አንድ ዋጋ ነው። ማኅበር ሙሉ ጥቅል ሲገዛ ሌላ ዋጋ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያዝዛሉ። ከዚያው ጋር ነጭ ላስቲክ የማያዝዙት ለምንድን ነው? እኔ ይህ በስብሰባ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ነው እላለሁ። ከዚያም በላይ፣ አሥር ቤተሰብ በአንድ ቦታ የጋራ መደብ ቢያዘጋጁ አጥሩም፣ ጥበቃውም፣ ውኃ መቅዳቱም ይቀልላቸዋል።

«እበቱ ለማገዶ ነው» የሚል አለ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ በቀላሉ አላልፈውም። ማገዶ በጠፋበት አገር ኩበት የምትጠፈጥፈውን እናት «ተይ» ማለት አይቻልም። ግን ቁጥሩን እንየው። ዘጠኙ መደብ የሚፈልገው 450 ኪሎ አዲስ ፍግ ነው። ይህም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የዓመቱን እበት ሁሉ ስጡ አላልኩም። ለማገዶ የማይሆነውን የበግና የፍየል በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ፣ የበረት ጥራጊ፣ የጎመን ግንድ አስቀድሙ። በብዙ ቤት እበቱን የምታውቀው፣ መደቡን የምታጠጣው ሴቲቱ ናት። ስለዚህ ባልና ሚስት ተመካክረው ይወስኑ። በስብሰባውም ሴቶች ይናገሩ።

«ላስቲክ ከብት ይገድላል» የሚል አለ። እውነት ነው። ላስቲክ የበላች ላም ሆዷ ይታሠራል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ መሆን አለበት። ፀሐይ ላስቲክን ታደርቀዋለች፣ ትሰባብረዋለችም። ስድስት ሳምንቱ ሲያልቅ ቁራጭ ሳታስቀሩ አንሡት። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጠቅልላችሁ በጥላ ሥር አስቀምጡት። ደኅና የሆነው ለከርሞ ያገለግላል። የተቀዳደደውን በሜዳ አትጣሉ። ላስቲኩን የገዛው ማኅበር ላስቲኩ መሰብሰቡንም ይቆጣጠር። ይህን ማድረግ የማይችል ባይጀምር ይሻላል።

የማይችለው ነገር

መድኃኒት ሁሉ ልክ አለው። ይህም ዘዴ ሁሉን አይፈውስም።

መደቡን እንጂ ማሳውን አያክምም። ጤነኛ ችግኝ በታመመ ማሳ ላይ ከተተከለ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ማሳው ላይ ሰብል አፈራርቁ። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሽታም ይወራረሳሉ። ከበርበሬ በኋላ ቲማቲም መትከል ማፈራረቅ አይባልም። በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ቦሎቄ ግን ሌላ ወገን ናቸው።

ውኃም በሽታ ይሸከማል። ከላይ ካለው የታመመ ማሳ የሚወርደው ጎርፍ ወደ እናንተ እንዳይገባ ቦይ ቅደዱ። ጎረቤታሞች ቦዩን በስምምነት ይቅደዱ። በርበሬውንም ውኃ በማይቋጥር ከፍ ባለ መስመር ላይ ትከሉ።

አብዛኛው የአረም ዘር በሙቀቱ ይሞታል። እንግጫ ግን በቀላሉ አይሞትም። ሰርዶም ሥሩ ጥልቅ ነው። እነሱን አስቀድማችሁ በእጅ ንቀሉ። ኔማቶዱም ወደ ጥልቁ ሸሽቶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው በየዓመቱ ይደገማል። የተበከለ አካፋና ዶማ በታከመ መደብ ላይ አይግባ። መጀመሪያ ይታጠብ።

በሽታው ምን እንደሆነ ካልገባችሁ ከነሥሩ ነቅላችሁ ለልማት ሠራተኛው አሳዩ። በአምቦ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ ተቋቁሞ ነበር። ዛሬም በአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በባኮም አለ። ማዕከሎቹ በራችን ላይ ሆነው ሳንጠይቃቸው መቅረት የለብንም።

የላስቲክ ቤት ላላቸው

በአዲስ አበባና በአምቦ መንገድ ያለፈ ሰው ሆለታ አካባቢ ያሉትን የአበባ ላስቲክ ቤቶች አይቷል። በቲማቲምና በቃሪያም እንዲህ ያለ ቤት የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ። የላስቲክ ቤት ዝናብና ብርድ ይከላከላል። ግን በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ተክል ስለሚደጋገም አፈሩ ቶሎ ይታመማል። ቤቱን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድም ቀላል አይደለም።

እነዚህ ወጣቶች ግን ከሁላችንም የተሻለ ዕድል አላቸው። ሰብሉን ካነሡ በኋላ አፈሩን ፍግ ቀላቅለው፣ አጠጥተው በላስቲክ ይሸፍኑ። ከዚያ የቤቱን በርና መስኮት ይዝጉ። ሁለት ሽፋን ስለሚሆን ሙቀቱ ከሜዳው ይበልጣል። የቤቱንም መግቢያ በንጹሕ ጫማ ይጠብቁ። በጫማ ሥር የሚገባ ጭቃ የስድስት ሳምንት ሥራ ያፈርሳል።

ደብተር ያዙ

እስካሁን የነገርኳችሁን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ጭምር ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዓላማው ስምን መጻፍ ብቻ አልነበረም። ንባቡ ለእርሻውና ለጤናው እንዲጠቅም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት መደብ ጎን ለጎን አዘጋጁ። ፍጉም፣ ዘሩም፣ ውኃውም እኩል ይሁን። ለማይሸፈነው መደብ ግን ፍጉ በሚገባ የበሰበሰ ይሁን። አንዱን ሸፍኑ። አንዱን አትሸፍኑ። በደብተራችሁም እንዲህ ጻፉ፦

የተሸፈነበት ቀን። የተከፈተበት ቀን። የተዘራበት ቀን።
በየሳምንቱ ከየመደቡ የሞተ ችግኝ ብዛት።
ከየመደቡ ወደ ማሳ የሄደ ችግኝ ብዛት።
በማሳ ላይ በነሐሴ መጨረሻ የጠወለገ ተክል ብዛት።

የሁለቱን መደብ ችግኝ በማሳው ላይ አትቀላቅሉ። በየመስመሩ ችካል ትከሉ። በመስከረም ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ስብሰባ ሂዱ። «መሰለኝ» የሚል ሰውና «ከመቶው ይህን ያህል ሞተብኝ» የሚል ሰው እኩል አይሰሙም። ቁጥር የያዘ ገበሬ የልማት ሠራተኛውንም፣ ተመራማሪውንም፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበርም ያሳምናል። ልዩነት ካልታየ ደግሞ ያንኑ ጻፉ። ላስቲኩ ተቀዶ ነበር? ደመናው በዝቶ ነበር? ውኃው አንሶ ነበር? ለከርሞ ይታረማል።

ገበሬዎች ሆይ! በርበሬ ለባኮ ቤተሰብ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። የልጅ ደብተር ነው፣ የክረምት ልብስ ነው፣ የዕዳ መክፈያ ነው። ያን ሁሉ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ እየረገፈ ቆሞ ማየት ይብቃ። ማኅበራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ ይጨምር፤ ላስቲክ በጋራ ይገዛ። እያንዳንዱ ቤትም ከአሁን ጀምሮ ፍጉን ይለይ።

በጋው ሳያልፍ መደባችንን እናክም!